ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም
(ስለ ጊታር ስፒከር ሣጥን ብልሽት በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የሙዚቀኞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የኅብረታችን ገንዘብ የሚወጣበት ስለ ሆነ ሁላችንንም ይመለከታል። የጊታሩ ስፒከር ሣጥን ድምፁ ባነሰ ቁጥር «ስፒከሩ ተቃጥሏልና አዲስ ይገዛ» ማለት ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ሳይለኩ መፍረድ ገንዘብ ያባክናል፤ ደኅናውንም ዕቃ ያስጥላል እላለሁ።

ለምሳሌ አንድ ባለ 4 ስፒከር ሣጥን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 16 ኦም የሆኑ ስፒከሮች ሲገጠሙለት፤ ሁለት ሁለቱ በተከታታይ ተያይዘው 32 ኦም ይሆናሉ። ሁለቱ ጥንዶች ደግሞ ጎን ለጎን ሲገናኙ ጠቅላላው ተመልሶ 16 ኦም ይሆናል። እንግዲህ ከ4ቱ የአንዱ ጥቅል ሽቦ ቢበጠስ፤ በተከታታይ የተያያዘው ጓደኛውም ኤሌክትሪክ አያገኝምና አብሮ ዝም ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ስፒከር ያስገዛል፤ የሞተው ግን አንድ ነው። አንዳንድ ጊዜም አንድ እንኳ አልሞተም፤ የሽቦው ብየዳ በንዝረት ብዛት ተላቆ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን።

አንደኛ፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ ወደ ሣጥኑ የሚሄደውን ገመድ ለውጡ። ከዚህ የረከሰ ምርመራ የለም። የምትተኩት ግን የስፒከር ገመድ ይሁን፤ ጊታሩ የሚሰካበት ገመድ ያን ያህል ኃይል ለመሸከም አልተሠራምና።

ሁለተኛ፤ ገመዱን ከጠፋው አምፕሊፋየር ነቅላችሁ ጫፉን በቴስተር ለኩ። በስፒከር ላይ የሚጻፈው ኦም ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የተሰጠ ስለ ሆነ፤ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለካው ቴስተር ጥቂት አሳንሶ ያሳያል። የ16 ኦሙ ሣጥን 12 ወይም 13 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ወደ 25 ከወጣ አንዱ ጥንድ ተቋርጧል። ቴስተሩ ጨርሶ ካልተነቃነቀ መስመሩ በሙሉ ተቆርጧል፤ ወደ 0 ከወረደ ደግሞ ሽቦና ሽቦ ተነካክተዋል። ገመዱን ወዝወዝ ስታደርጉት ንባቡ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱን ከገመዱ ወይም ከመሰኪያው ፈልጉ።

ሦስተኛ፤ የኋላውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትታችሁ የሽቦዎቹን አያያዝ በወረቀት ላይ ሣሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ስፒከር ነቅላችሁ ለብቻው ለኩ። ሳይነቅሉ መለካት ያሳስታል፤ ጎረቤቱ ንባቡን ይለውጠዋልና።

አራተኛ፤ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ፤ ፖዘቲቩን በፖዘቲቩ ላይ አድርጋችሁ ለቅጽበት አስነኩት። የስፒከሩ ወረቀት ብቅ ወይም ግባ ይላል። የሁሉም እንቅስቃሴ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። አንዱ ተቃራኒውን ከሄደ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚሳሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይያዝለት አይጫወት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። የራሱን የአምፕሊፋየሩን ክዳን ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይክፈት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ተከማችቶ ሊቆይ ይችላልና ሰው ይገድላል።

«ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የኦምን ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ለፈተና አጥንተነዋል፤ በሥራ ላይ ካላዋልነው ግን መማራችን ለምን ጠቀመን? እንግዲህ ለኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ አንድ ቴስተር ይገዛ፤ ከእንግዲህም የስፒከር መግዣ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ የለካውን ቁጥር ጽፎ ያቅርብ። ቁጥር በሌለበት ፊርማ አይኑር።