ገብሱ፣ ውሃውና መርፌው፦ በፈረሶች የአንጀት ኢንፌክሽን ላይ በሐዋሳ ለተዘጋጀ ስልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



የስልጠናው ርዕስ የውድድር ፈረሶች ሆኖ ሳለ ባለጋሪዎችን ለምን እንደጠራን የጠየቁን ሰዎች አሉ። ከማለዳ እስከ ምሽት በዚህ ከተማ መንገድ ጭነት የሚጎትት ፈረስ ከጉግስ ፈረስ ያላነሰ ላብ ያፈሳል። ውሃና ጨው ያጣል፣ በጥድፊያ ይበላል፣ በቂ እረፍት ሳያገኝ ወደ ሥራ ይመለሳል። የሁለቱንም አንጀት የሚያሳምመው ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ ሁላችሁንም አንድ ላይ ጠርተናል።

ፈረስ በአገራችን ባለክብር ነው። ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እስከ ዛሬ በፈረሳቸው ስም አባ ነፍሶ እየተባሉ ይጠራሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ፈረሶች የዋሉትን ውለታ እያሰበ፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኞቹን ያሰልፋል። ጥምቀትም የጉግስ ሰሞን ነው። ይህ ሁሉ ግልቢያ የሚሆነው ግን በበጋ፣ ሳሩ በደረቀበትና ውሃው በቀነሰበት ወር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው። በትልልቆቹ የውጭ ዝርያዎች እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ በአካል ከእነዚያ ያንሳሉ። ፈረስ ማስመለስም አይችልም። የዋጠው ነገር ቢያስቸግረውም ወደፊት ከመሄድ በቀር መውጫ የለውም። ዋናው ሥራ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ሳሩን እንደ ጠላ ጋን ቀስ ብለው ያብላላሉ፤ ፈረሱም ጉልበቱን ከዚያ ያገኛል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም።

የውድድሩ ሳምንት ሲደርስ ባለቤቱ ለፈረሱ ካለው ፍቅር የተነሳ ገብስ በላይ በላዩ ያቀርብለታል። ሳር ብቻ የለመደ ፈረስ በድንገት ብዙ እህል ሲበላ ትንሹ አንጀት ስታርቹን ፈጭቶ አይጨርሰውም። የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ሳር የሚያብላሉት ብዙዎቹ ያልቃሉ። ከሞቱት ባክቴሪያዎች የሚለቀቀው መርዝ በተጎዳው የአንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ የሆድ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣል፣ ፈረሱ መቆምና መራመድ ያቅተዋል። በጥር የሮጠ ፈረስ በየካቲት ሲያነክስ ሰው ቡዳ በላው ይላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ምን እንደበላ ነው። አዲስ መኖ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ መለመድ አለበት፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በአንድ ጊዜ የሚቀርበው እህልም ከ1 ኪሎ ብዙ መብለጥ የለበትም።

ጉዞ ሌላው ችግር ነው። ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላን በአንጀቱ ተሸክሞ የሚኖር ፈረስ አለ። በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ሲጠማና ሲራብ ባክቴሪያው ይበረታና በፋንድያው መውጣት ይጀምራል። ከየወረዳው የተሰበሰቡ ፈረሶች ከአንድ ገንዳ ሲጠጡ አንዱ ለብዙዎች ይበቃል። ሳልሞኔላ ወደ ሰው እንደሚተላለፍም አትርሱ፤ ጋጡን የሚጠርጉት ብዙ ጊዜ ልጆቻችን ናቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ፈረሱ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚፈለገው መርፌ ነው። ከሱቅ የተገዛ የኦክሲቴትራሳይክሊን ብልቃጥ፣ ያለ ምርመራና ያለ ልክ ይወጋል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጠላትና ወዳጅ አይለይም። አንጀቱን የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ሲጨርስ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልና ሳልሞኔላ ባዶ ሜዳ ያገኛሉ። በመድኃኒት ምክንያት የሚመጣ የአንጀት ብግነት በፈረስ ላይ በደንብ የታወቀ ነው፤ ሊንኮማይሲንማ ለፈረስ ጨርሶ የማይሰጥ መድኃኒት ነው። ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልገው ሕመም የለም አላልኩም፤ አለ። ውሳኔው ግን የሱቁ ሳይሆን የሐኪሙ ይሁን።

በከባድ ተቅማጥ የተያዘ ፈረስን ፈጥኖ የሚገድለው የውሃና የጨው እጦት ነው። በአንድ ቀን በአስር ሊትሮች የሚቆጠር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ ከጎደለው፣ የጎደለውን ለመተካት ብቻ 24 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ፣ አጠገቡ ደግሞ ጥቂት ጨው የገባበት ሌላ ባልዲ አቅርቡለት፤ የሚሻለውን ራሱ ይመርጣል። አልጠጣም ካለ በአፍንጫ በኩል ቱቦ ማስገባት የባለሙያ ሥራ ነው። በጠርሙስ ዘይት ወይም አረቄ ማንቆርቆር ግን ይቅር፤ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

ወረዳ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ላብራቶሪ እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። ሳልሞኔላ በፋንድያ የሚወጣው አልፎ አልፎ በመሆኑ አንድ ናሙና ነጻ ነው ቢል አያስተማምንም፤ እስከ 5 ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። ቴርሞሜትርና ጣት ግን ሁላችሁም አላችሁ። ሙቀቱ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ድዱ ከጠቆረ፣ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ ከ2 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ፈረሱ አደጋ ላይ ነው። ለብቻው አስሩት፣ ባልዲውን ለዩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የክሎስትሪዲየምን ዘር (ስፖር) አልኮል አይገድለውም። ወለሉን ፋንድያው ከተጠረገ በኋላ በበረኪና እጠቡ። ሆዱን እያመመው ድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የፈሰሰ ፈረስ ካጋጠማችሁ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሬሳውን አትክፈቱ፤ ወዲያውኑ ሪፖርት አድርጉ።

በዚህ ስልጠና በጋጥ ውስጥ ልምምድ ይኖረናል። ባለጋሪዎችና ፈረሰኞች፣ የምታደርጉትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩን፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ባለሙያዎች ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት አዳምጧቸው። ከዚህ ስትመለሱ በየወረዳችሁ ከጥምቀት በፊት ባለው ወር የፈረስ ባለቤቶችን ሰብስባችሁ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውሃውና ስለ መርፌው እንድታስተምሩልን አደራ እላለሁ።

ስልጠናው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።