ውሃ፤ የኮንክሪት ወዳጅና ጠላት
(በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ስላለው የኮንክሪት ሥራና አያያዝ የቀረበ ንግግር)



ለግድብና ለድልድይ ለሚደባለቀው ኮንክሪት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይቆምለታል፤ ናሙናው ተወስዶም በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ይለካል። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለሚሠራው ሶሌታ፣ ደረጃ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ዋስትና የግንበኛው ልምድና የባለቤቱ ዐይን ብቻ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ክዳን ላይ የሚሯሯጡት የቤቱ ሕፃናት ናቸው።

ባለቤቱ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ሌት ተቀን ይጨነቃል፤ ስለ ውሃ ግን እምብዛም አያስብም። ሆኖም የሥራውን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ውሃ ነው፤ ይኸውም በሦስት ጊዜያት ነው።

የመጀመሪያው ድብልቁ የሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ሲሚንቶ ተዋሕዶ ለመጠንከር የሚሻው ውሃ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው፤ ለሥራ እንዲመች እስከ ግማሽ ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ለአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት፣ የአሸዋው እርጥበት ጭምር ታስቦ፣ 25 ሊትር ያህል ይበቃል። አካፋው እንዲቀል ተብሎ በባልዲ የሚደፋው ትርፍ ውሃ ኋላ በንኖ ሲሄድ በውስጡ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውሃ በመጠጣት ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ጥንካሬው በመንገድ ይቀራል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ማለዳ አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድ ማጠጣት አይባልም። በጆንያ ወይም በፕላስቲክ ሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳያቋርጡ እርጥብ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛው ጊዜ ቤቱ የሚኖርበት ዘመን ሁሉ ነው። በዚህ ጊዜ ወዳጅ የነበረው ውሃ ጠላት ይሆናል። በስንጥቅ ሰርጎ ብረቱን ሲያገኘው ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። አሸንዳን ከክረምት በፊት መጥረግ፣ ሶሌታው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ማድረግ፣ የስንጥቅን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎና ቀኑን ጽፎ መጨመሩን መከታተል ብዙ ወጪ የማይጠይቁ መከላከያዎች ናቸው።

ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ሲታይ በላዩ ልስን መለሰን በሽታን በነጠላ መሸፈን ነው። የላላው ተፈልፍሎ፣ ብረቱ እስኪነጣ ተፍቆ፣ ከዚያ በኋላ በጠንካራ ድብልቅ ተሞልቶ ሊጠጣ ይገባል። ብረቱ ከሳስቶ ከተገኘ ወይም ክፍሉ ሸክም የሚሸከም ከሆነ ግን ጉዳዩ የመሐንዲስ ነው።

የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከፍሳሹ የሚወጣው ጋዝ በክዳኑ ሆድ ላይ ወደ አሲድነት ተለውጦ ከሥር ስለሚበላው፣ ከላይ ደኅና መስሎ ሊደረመስ ይችላል። ጉድጓዱ በሚመጠጥበት ቀን የክዳኑን ሥር ከውጭ ሆኖ መመልከት ያስፈልጋል። ጋዙ ገዳይ ነውና ማንም ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

ይህ ዕውቀት ለማኅበሩ አባላት አዲስ አይደለም። ችግሩ በታላላቅ ሥራዎች አጥር ውስጥ ተከልሎ መቅረቱ ነው። መሐንዲስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ሶሌታ ሲያስሞላ ቢያይ፣ ቆም ብሎ ስለ ባልዲውና ስለ ጆንያው ሁለት ቃል ቢናገር፣ ከሙያው ግዴታ አንዱን ፈጸመ ማለት ነው።