ስለ ቤተ ሰብ መኪና አያያዝ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆች፤ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር





ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። እኛ የመረጥነው ነገር ግን ከደጃችን የቆመና ዘይት ዘይት የሚሸት ነው፤ ይኸውም የቤተ ሰብ መኪና በየጊዜው እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ነገሩ ዝቅ ያለ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን በአክብሮት እንለምናለን።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፤ በበረሃና በገደል ብዙ ተንገላትቶ፤ አንዲት መኪና ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ አመጣ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የብቸናና የሞጣ ሰው መንገዱን የሚሄደው በእግሩና በበቅሎው ነበር። አባቶቻችን ስለ በቅሎ አያያዝ ንግግር የሚያደርግላቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር። ማታ ከመንገድ ሲገቡ ኮርቻውን አውርደው ጀርባዋን ይዳብሳሉ፤ ሰኰናዋን አንሥተው ድንጋይ ገብቶበት እንደ ሆነ ያያሉ፤ ውኃዋንና ገብሷን ሳይሰጡ ለራት አይቀመጡም። ገጣባ ያወጣች በቅሎ እስክትድን ታርፋለች እንጂ አትጫንም። ዛሬ በበቅሎዋ ፈንታ መኪና ስትተካ ይህ ልማድ ከእኛ ጠፋ። በቅሎ ሲያማት ታነክሳለች፤ መኪና ግን ሕመሟን የምታስታውቀው ጎንበስ ብሎ ለሚመለከታት ሰው ብቻ ነው።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። እኛ ተናጋሪዎቹ እኅትና ወንድም ነን። ወላጆቻችን በሞጣ ይኖራሉ፤ እኛ ግን በብቸና ከአያታችን ዘንድ ተቀምጠን እንማራለን። አባታችን አንዲት ያረጀች ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው። ቅዳሜ ወደ ብቸና ሲመጡ መኪናዪቱን ማጠብ የእኛ ሥራ ነበር። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ስናጥብ ከኋላ ቀኝ ጎማ በስተ ውስጥ ዘይት የመሰለ ርጥበት አየን። እድፍ ነው ብለን በጨርቅ ጠረግነው። መኪናዪቱ አበራች፤ እኛም ተመሰገንን።

በሦስተኛው ሳምንት አያታችንን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ አራታችን ተሳፍረን ተነሣን። ደጀን ልንደርስ ስንል አባታችን ፍሬኑ ከወትሮው ይልቅ ጠልቆ እንደሚወርድ ተናገሩ፤ ነገር ግን «እንደ ምንም ያደርሰናል» አሉ። በሻይ ቤት ደጅ ቆመን ሳለ አንድ ሽማግሌ የከባድ መኪና ሾፌር ወደ ጎማው ጎንበስ ብለው አዩና ርጥበቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ከዚያም ወደ አባታችን ዞረው «ወንድሜ፤ ይህ የፍሬን ዘይት ነው። በዚህ መኪና ዓባይን አትውረድ» አሉ።

የዓባይን በረሃ የተሻገራችሁ ሁሉ የዚህን ቃል ክብደት ታውቃላችሁ። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ እንደ ገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚያ መንገድ ላይ ፍሬን የከዳው ሰው የሚደገፍበት ነገር የለውም።

በዚያን ቀን ደጀን አደርን። መካኒክ ጎማውን ፈትቶ ሲያየው የፍሬኑን ዘይት የምትይዘው የጣት ጫፍ የምታህል ላስቲክ አልቃለች፤ የዘይቱም ዕቃ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ላስቲኳ ተለወጠች፤ ዘይቱ ተሞላ፤ በማግሥቱ በደኅና ወርደን በደኅና ወጣን። የአያታችንም ዓይን ታከመ። እኛ ግን ሁለት ጊዜ አይተን ሁለት ጊዜ እንደ ጠረግነው በዚያ ሌሊት ስንናዘዝ አያታችን ያሉን ቃል እስከ ዛሬ አልተረሳንም። «ልጆቼ፤ የበቅሎ ገጣባ ብታዩ በጨርቅ ጠርጋችሁ ዝም ትሉ ነበርን?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ማጠብ ሌላ፤ መጠበቅ ሌላ መሆኑን በዚህ ተማርን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የምንሠራበትን ሥርዓት በአጭሩ እንገልጽላችኋለን።

1ኛ/ በየሳምንቱ። ጧት ሞተሩ ሳይነሣ፤ መኪናዪቱ በደልዳላ ስፍራ ቆማ ሳለች፤ በመጀመሪያ ከሥሯ ያለውን መሬት እናያለን። ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው፤ ከፊት በኩል አረንጓዴ ወይም ቀይ ውኃ ቢታይ የራዲያተር ነው፤ በጎማ አጠገብ ቀጭን ርጥበት ቢታይ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናዪቱ ሳትመረመር አትንቀሳቀስም። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተን እንጠርጋለን፤ መልሰን አስገብተን እንደ ገና እናወጣለን፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የፍሬኑንም ዘይት በዕቃው ላይ ባለው መስመር እንለካለን። የፍሬን ዘይት ቢጎድል ሞልቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ የጎደለበትን ምክንያት መፈለግ ይገባል።

የራዲያተር ነገር በደጋ አገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብቸናና በሞጣ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሞተር በደኅናው ጊዜ ከሚሠራበት ሙቀት እምብዛም አይርቅም። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላስቲኩ ያለቀ እንደ ሆነ በአዲስ መለወጥ ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝም ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን በፈላ ውኃ ያቃጥላል።

2ኛ/ በኪሎ ሜትር ልክ። የሞተር ዘይትና የዘይቱ ፊልትሮ የሚለወጡበት ጊዜ በመኪናው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ለተራ ዘይት ብዙ ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዘይት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ጥላሸቱንና ብናኙን ይሸከማል፤ ሙቀቱንም ያወርዳል። ሲያረጅ ግን ራሱ ቆሻሻ ይሆናል። የአየር ፊልትሮ በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ ከመጽሐፉ ቀን ቀድሞ መታየት አለበት፤ ወደ ሞተር የገባ አቧራ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋልና። የፍሬን ሸራና ካንዴላም በዚሁ ጊዜ ይመረመራሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው፤ ውኃ የገባበት ዘይት በረዥም ቁልቁለት ግሎ ይፈላና ፍሬኑ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል።

3ኛ/ በየወቅቱ። በክረምት የመረሬው ጭቃ በጎማና በፍሬን ዙሪያ ይጋገራል፤ ሳይደርቅ ማጠብ ያስፈልጋል። የጎማው ጥርስ ካለቀ መኪና በእርጥብ መንገድ አትቆምም። ጤፍ በሚወቃበት ወራት ገለባውና አቧራው የራዲያተሩን ቀዳዳ እንዳይደፍነው ማራገፍ ነው። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል ነው፤ ልኩም በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተጽፏል። በባትሪ ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ቢታይ ገመዱን ፈትቶ በሙቅ ውኃ አጥቦ፤ አድርቆ፤ ጥቂት ግራሶ መቀባት ነው።

4ኛ/ ቁልቁለት ሲወረድ። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ፍሬኑን መሞከር፤ ከዚያም በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ እንጂ እግርን ከፍሬን ላይ ሳያነሡ መውረድ አይገባም። ሳያቋርጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም።

ይህ ሁሉ የሚጻፍበት አንድ ደብተር አለን። ቀኑን፤ ኪሎ ሜትሩንና የተሠራውን ሥራ እንጽፋለን። አባታችንም ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ፤ ምን እንደ ተለወጠ መካኒኩ በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ያየዋል። የሚወጣውም ገንዘብ ቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ እንደ ዱብ ዕዳ አይመጣብንም።

ምናልባት «በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ መጪው ዘመን የኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ ትምህርት ምን ያደርጋል?» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። እርግጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትም ካንዴላም የለውም። ነገር ግን ጎማ አለው፤ መሪ አለው፤ የፍሬን ዘይት አለው። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ፍጥነቱን ይገታል፤ ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን ያ ኃይል የሚገባበት ስለሚያጣ ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መኪናው ቢለወጥም ዓባይ አይለወጥም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፤ ኮፈኑን ስትከፍቱ ወንዶችም ሴቶችም ልጆቻችሁን አቅርባችሁ አሳዩአቸው። አንድ ቀን ልጃችሁ መጥቶ «ከጎማው ሥር እርጥብ ነገር አለ» ቢላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እንድታዩለት እንለምናችኋለን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ እናንተም እንደ እኛ ያያችሁትን ጠርጋችሁ ዝም አትበሉ፤ ተናገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።

መንገዳችሁ ሁሉ የደኅና ይሁን።