የቀን ሥራን በስልክ መዝግቦ ስለ ማከናወን

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው። ይኸውም የቀን ሥራን በእጅ ስልክ ላይ በዝርዝር እየመዘገቡ ስለ መሥራት ነው። ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ቱዱኢስት፣ ጉግል ታስክስ፣ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ የሚባሉ መተግበሪያዎች አሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። ሥራው ይጻፋል፤ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ያስታውሳል፤ ሥራው ሲፈጸም ምልክት ይደረግበታል።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እውነት መሆኑን የሌላው ዓለም ታሪክም ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የቦይንግ ኩባንያ የሠራው አዲስ አውሮፕላን በአሜሪካ አገር ለሙከራ እንደ ተነሣ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ነገሩ ሲመረመር የሞተር ብልሽት አልተገኘበትም። አውሮፕላኑ ሲቆም ነፋስ መሪዎቹን እንዳያንቀሳቅሳቸው የሚይዘው መቈለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። አብራሪው ግን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያደርጉትን ሁሉ በአጭር ዝርዝር ጽፈው እያነበቡ መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ከቦሌ የሚነሣው አብራሪም እንዲሁ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ዝርዝር አውጥቷል። ከዚህ የምንማረው ዝርዝር ለዝንጉ ብቻ ሳይሆን ለዐዋቂም የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ማን እንደ ከፈለ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው። ሐዘን በድንገት ሲመጣ ሥራው የማይደናገረው አስቀድሞ ተጽፎ ስለ ተቀመጠ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው የተሠራው በሌላ አገር አቈጣጠር ስለ ሆነ ልናስተውለው ይገባል። እኛ በእንጦጦ ማርያም አካባቢ የምንኖር ሰዎች ወር በገባ በ21ኛው ቀን የማርያምን በዓል እናከብራለን፤ በየቤቱም የዝክርና የማኅበር ዝግጅት አለ። ስልኩን «በየወሩ አስታውሰኝ» ብለን ብናዝዘው የሚቈጥረው የአውሮፓን ወር ነው። መስከረም 21 በተራው ዓመት በእነርሱ ኦክቶበር 1 ይውላል፤ ጥቅምት 21 ደግሞ ኦክቶበር 31፤ ኅዳር 21 ኖቬምበር 30። ስለዚህ «በየወሩ» ከማለት ይልቅ «በየ30 ቀኑ» ብሎ ማዘዝ ይሻላል። ይህም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሳይሳሳት ይሄዳል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትጨምር ግን በዘመን መለወጫ እንደ ገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ስለ ሰዓቱም ቢሆን፣ ስልኩ 7 ሰዓት የሚለው ጠዋት የእኛ 1 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ከሥራው ስም ጋር «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ስሕተትን ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን በዝርዝራችን ላይ የምንጽፈው የትምህርት ቤቱን ሥራ ብቻ ነው፤ የሒሳብ መልመጃ፣ የፊዚክስ ፈተና፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ። የቤቱ ሥራ ግን አይጻፍም። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን መሙላት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ ማጠብ፣ ታናናሾችን ማጥናት፣ የታመመን መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ በማንም መዝገብ ላይ የለም። ያልተጻፈ ሥራም እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ሠሪዋ ግን ደክማለች።

በእኛ ቤት ለአንድ ሳምንት የተሠራውን ሁሉ ከሠሪው ስም ጋር በእናቴ ስልክ ላይ መዘገብን። እሑድ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን አነበብነው። አብዛኛው መስመር በእናቴና በእኔ ስም ነበር። ማንም አልተቈጣም፤ ክርክርም አልተነሣም፤ የሚታይ ነገር ማስረጃ አይፈልግምና። አባቴ ዝም ብሎ ካየው በኋላ የታናሾቼን ጥናት ወሰደ፤ ወንድሜ ደግሞ ውሃውንና የእራት ዕቃ ማጠቡን በስሙ አስጻፈ። በዚህም ምክንያት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኔ የጥናት ጊዜ ሆነልኝ። ለአገር አቀፍ ፈተና ለምትዘጋጅ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ማግኘት ምን ያህል እንደ ሆነ መምህራኖቻችን ያውቁታል።

ሆኖም በመሣሪያው ላይ ከልክ በላይ መታመን አይገባም። በበርሊን የተሠራውና በብዙ ሰዎች ዘንድ የተወደደው ዎንደርሊስት የተባለው መተግበሪያ፣ ማይክሮሶፍት ከገዛው በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስለዚህ ዋና ዋናውን ነገር በደብተርም መያዝ መልካም ነው። ደግሞም በአንድ ቀን 30 ሥራ ጽፎ 27ቱን ለነገ ከማሳደር፣ ዋናዎቹን ሦስቱን መርጦ መፈጸም ይሻላል። ዝርዝር ራሱ ውሃ አይቀዳም፤ እንጀራም አይጋግርም። የሚሠራው ሰው ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ወንድ ልጆቻችሁንና ሴት ልጆቻችሁን በአንድ ዝርዝር ላይ ጻፏቸው። መምህራኖቻችን ሆይ፤ የቤት ሥራ ስትሰጡን ቀኑን አስቀድማችሁ ብትነግሩን ከሌላው ሥራችን ጋር አስማምተን እንጽፈዋለን። ጓደኞቼ ሆይ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ከዚህ ጥቅም የሚቀር አይምሰለው፤ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃል። ዛሬ ማታ የቤታችሁን ሥራ ሁሉ ጻፉ፤ በየመስመሩም አጠገብ የሠሪውን ስም አኑሩ፤ ከዚያም ቤተ ሰቡ ሁሉ በሚሰማበት ጮክ ብላችሁ አንብቡት።