ሕጉ በማን እጅ ነው? ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ቪዲዮ ጨዋታና ስለ ወቅታችን ጥቂት የግል አስተያየቶች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ጥናታዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሳይሆን ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ወቅቱ ሁኔታ የሚሰማኝን በነጻነት እንድናገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምለው ምዕራብ ጎጃም ተወልዶ ያደገ የአንድ መምህር አስተያየት እንጂ የፋኩልቲው አቋም አይደለም። የምጀምረውም ብዙ ሰው ከቁም ነገር ከማይቆጥረው ከጨዋታ ነው።

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ሲባል፣ ፑልና ጆተኒ ከሚያጫውቱ ቤቶች አጠገብ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውቱ ጠባብ ክፍሎች ይገኛሉ። ወጣቶች ለአንድ ግጥሚያ ጥቂት ብር ከፍለው ፊፋ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ተራ ጠባቂው ይቀመጣል። ብዙ ወላጆች እነዚህን ቤቶች ከጫት ቤት ለይተው አያዩአቸውም። ከትምህርት ሰዓት የሚሰርቅ ጨዋታ እንደሚጎዳ እኔም አልክድም። ጨዋታን ራሱን እንደ ስንፍና መቁጠር ግን ከአባቶቻችን የወረስነው ፍርድ አይደለም። በገና ዕለት አሽከርና ጌታ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ጌታው እንዳይቆጣ በልማድ የደነገገ ሕዝብ የጨዋታን ክብር ያውቃል።

ገበጣን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መሬት ላይ የተቆፈሩ ትናንሽ ጉድጓዶች፣ እፍኝ ጠጠርና ሁለት ተጫዋቾች ይበቁታል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የማያንሱ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በእኔ አመለካከት ይህ ሁሉ ዓይነት ሊፈጠር የቻለው ሕጉ በተጫዋቾቹ እጅ ስለነበረ ነው። ከመጀመራቸው በፊት «በማን አገር ደንብ እንጫወት?» ተባብለው ይስማማሉ። ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል፤ ከተስማሙ ይለውጡታል፤ ጨዋታውን አቋርጦ የሚሄድ ሦስተኛ ባለቤትም የላቸውም። ማንኛውንም ቴክኖሎጂ በዚሁ መመዘን እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ሕጉ ለተጠቃሚው ይታያል ወይ? ባለቤቱ ቢያቋርጠው ይቀጥላል ወይ? ተጠቃሚውስ ሊለውጠው ይችላል ወይ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ እናምጣው። ፌስቡክ ላይ የማን ጽሑፍ ለስንት ሰው እንደሚደርስ የሚወስን ሕግ አለ፤ ተጠቃሚው ግን አያየውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት በእርሳቸው ላይ ያነጣጠሩ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሠራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር የኩባንያው ስልተ ቀመር ጥላቻን አጉልቶ ያሠራጫል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ይህ ሙግት ለእኛ መምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የሞቱት የሙያ ባልደረባችን ናቸው። በአገራችን ልማድ በገበያ መጥፎ ወሬ ሲነዛ «ከማን ሰማኸው?» ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ ይመረመራል፤ አውጫጭኝ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ወሬውን ያዛመተው የማይታይ ቀመር ሲሆን ግን የሚጠየቀውን ለማግኘት እስከ ናይሮቢ መሄድ ግድ ሆነ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ሰፊ ክፍል ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። የመረጃ መረብ የግድ የሚያስፈልጋቸው እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉ ጨዋታዎች በዚህ ጊዜ ከስልክ ላይ ያለ ጌጥ ብቻ ይሆናሉ። በጨዋታ ቤቱ ማሽን ውስጥ ያለው ፊፋ ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል፤ መብራትም ሲጠፋ ገበጣ አለ። ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም አለው። በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በስማርት ስልክ መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን *127# በሚለው አጭር ቁጥርም ያገለግላል፤ ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ተራ ስልክ የያዘውን ገበሬ ታሳቢ ያደረገ ንድፍ፣ የስልክ መስመር እስካለ ድረስ፣ ኢንተርኔት ለተቋረጠበት ነጋዴም ይደርስለታል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን ሲያቀርቡ «ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል?» ተብለው ቢጠየቁ ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ይህ የኅዳግ ማስታወሻ ሳይሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊሆን የሚገባው ጥያቄ ነው።

ፍኖተ ሰላምን ጠርቼ በዝምታ የማላልፈው ነገር አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ከተማዋ ላይ ጥቃት ደረሰ። ዓለም አቀፍ የዜና ማሠራጫዎች የሆስፒታል ምንጮችን ጠቅሰው ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸውን፣ ጥቃቱም በሰው አልባ አውሮፕላን የተፈጸመ ሳይሆን እንደማይቀር ዘገቡ። የጦርነት ቪዲዮ ጨዋታ ልጆችን ገዳይ ያደርጋል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ጨዋታው በማን ዓይን እንድናይ ያደርገናል የሚለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የወጣው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4» ተጫዋቹን ከአውሮፕላን ላይ አስቀምጦ፣ በምድር የሚሮጡትን ሰዎች እንደ ነጫጭ ነጥቦች እያሳየ የሚያስተኩስበት ምዕራፍ አለው። ከላይ ሲታይ ሰው ነጥብ ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ከላይ ሆኖ ያያል፤ በሕይወቱ ግን የሚያውቀው ከታች ሆኖ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥን ነው።

ከታች ያለውን ሰው ዓይን የመረጡ ሠሪዎችም አሉ። አንድ የፖላንድ ኩባንያ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ዲስ ዋር ኦቭ ማይን» የተባለ ጨዋታ አወጣ። መነሻው የሳራየቮ ከበባ ነው። ተጫዋቹ ወታደር አይደለም፤ በተከበበች ከተማ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ሌሊት የሚወጣ ሲቪል ነው። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባው አስታውቋል። የእኛን ዘመን መከራ እንደዚህ አድርጎ የሚያሳይ ጨዋታ ቢሠራ፣ ሠሪው ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ ምንኛ በወደድኩ!

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰናል፤ ሕጉን መለወጥ፣ ማለትም ራስን ሠሪ ማድረግ። ጎጃም ለዚህ የሚሆን የቆየ ትምህርት አለው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወንበር ቅኔ የሚማር ደቀ መዝሙር የሌላውን ቅኔ በመሸምደድ አይመረቅም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የሚማረው ግን አዲስ ነገር ለመሥራት ነው። እኛ ደግሞ ኮምፒውተርን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ሌሎች የሠሩትን መጠቀም አስተምረን እናቆማለን። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ የምትመራውን «ኩኩሉ»ን ሠርቶ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለስልክ ተጫዋቾች ሲያቀርብ የዚህ ተቃራኒ እንደሚቻል አሳይቷል። የመረጠው ስምም ለእኛ ለጎጃሞች የአደራ ማስታወሻ ይመስለኛል።

«ሰላም በሌለበት ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጸጥታው ችግር ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች በክልላችን ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ጨዋታ የክፍል ተተኪ ሊሆን አይችልም፤ ደወል ቢጠፋም ጨዋታ ግን አይቋረጥም። ልጁ እየቆጠረ፣ እያቀደ፣ ከባልንጀራው ጋር ሕግ እያከበረ የሚቆይበት ቦታ እርሱ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ቦታ ንቀን ለሌሎች ብንተወው ጉዳቱ የእኛው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ልጨርስ። ተማሪዎቻችን ለአንድ ሴሚስተር በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ቀበሌዎች ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ዘንድ የገበጣን ደንብ ልዩነት ይሰብስቡ። የተሰበሰበውንም በማንኛውም ርካሽ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ወደሚሠራ ጨዋታ ይለውጡት፤ ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት የማንን አገር ደንብ እንደሚከተሉ ራሳቸው ይምረጡ። ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የፋኩልቲውን ፈቃድና የእናንተን እግር ነው።

መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።