ደረት ሲያፍን አውቶቡስ አይጠበቅም



በዚህ በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ደረቱን ጨብጦ ላብ ያጠመቀው ሰው ብታዩ፣ «ውጋት ነው፤ ይተወዋል» ብላችሁ አትለፉ፤ በአውቶቡስም ወደ ሆስፒታል አትላኩት። ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ ትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሰማቸው ይችላል።

የልብ ደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት አስፕሪን ከአምስት ሞት አንዱን ያህል እንደሚያስቀር አሳየ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሲጨመር ጥቅሙ ከፍ አለ፤ ቶሎ ለታከመም በለጠ።

ስለዚህ ወዲያው 101 ደውሉ። ዕብራይስጥ ባትችሉ «ሄትኬፍ ሌቭ፣ ታሃና መርካዚት፣ አፉላ» በሉ። መድኃኒት በራሳችሁ አትስጡ፤ የስልኩን ባለሙያ ስሙ።