አንድ ሌሊት ማሳረፍ

 

የየቲሞችን ጉዳይ ባነሳን ቁጥር ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ደብተር እንናገራለን። ሐኪሞች መድኃኒት የለውም ያሉት ሕፃን ግን በመዝገባችን ውስጥ ቦታ አላገኘም።

በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ከተማ፣ ነርስ የነበሩ አንዲት መነኩሲት ሔለን የተባለች በጠና የታመመች ሕፃን እየተቀበሉ በመንከባከብ ወላጆቿን ያሳርፉ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ሔለን ሐውስ ተከፈተ፤ ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት የተሠራ በዓለም የመጀመሪያው ቤት ነው። (በጎ ሥራን ከማንም መማር ነውር የለውም።) ቤቱ የሞት መጠበቂያ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች ጥቂት ቀናት ቆይተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጁ ይታጠባል፣ ይጫወታል፣ ወንድምና እህቶቹም አብረውት ይስተናገዳሉ። ሌሊቱን ሲያገላብጡትና በቱቦ ሲመግቡት የከረሙት እናትና አባት ይተኛሉ። ሥቃይ ላለበት ልጅ ማስታገሻው በየሰዓቱ ይሰጠዋል እንጂ እስኪያለቅስ አይጠበቅም።

እኛም በቅርቡ አንድ የታመመ የቲም ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ያመጣነውን ብር አያቱ ተቀብለው ዱዓ ካደረጉልን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ አንድ ሌሊት አጠገቡ የሚያድርልኝ ሰው ብታመጡልኝ» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ በወር አንድ ሌሊት ማደር የምትችሉ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። አያትየው እየጠበቁን ነው።